የከበሮው አፍ

ዮናስ በእግር የሚመታውን ቤዝ ድራሙን በባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ጭኖ ወደ ሱቄ ባመጣ ቀን መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ሱቅ ማለቴ ከልምድ ነው። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የብረት በሩ በጥይት የተበሳሳ፣ ከጦርነቱ በፊት ሬድዮና አምፕሊፋየር የምጠግንበት አንድ ክፍል ነው። ከተማው ትንሽ ሲረጋጋ ተመልሼ ከፈትኩት። የሚጠገን ነገር ግን የለም፤ የነበረው ሁሉ ተዘርፎ አልቋል። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ ከበርሜል ውኃ ቀድቼ ደጁን እረጫለሁ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ከተማ ሄጄ እንግዳ ነኝ ማለት ስለደከመኝ ብቻ ነው የተመለስኩት።

ዮናስ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቀን ቀን የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ያነሳል፤ ሠርግ ሲገኝ ድራም ይመታል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሐፍላ አለን» አለኝ። ሐፍላ ድግስ ነው፤ እዚህ የከረመ አበሻ ድግስ የሚለውን ቃል ከረሳው ቆይቷል።

«በዚህ ጊዜም ሰው ይጋባል?» አልኩት።

«ሰው መጋባት መቼ አቁሞ ያውቃል ጋሼ? እኔም ከዚያ በኋላ መንገድ አለኝ። እሑድ ወደ ላይ ነኝ፣ ኢንሻአላህ።»

ወደ ላይ ማለት ወደ ሰሜን፣ በበረሃ ወደ ሊቢያ ማለት ነው። ምን ልበለው? ስንቱን ተው ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም።

ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ነው፤ ጀርባው ማጣበቂያ አለው። «ከዱባይ ሰው ይዞልኝ መጣ። የፊተኛው ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ውስጡ በምላጭ ዙሪያውን ይቆረጣል፣ ኸላስ! ማይኩ በቀዳዳው ይገባል። ድምፁ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው፤ እርስዎ ይቁረጡልኝ።»

ቀለበቱን አገላበጥኩት። ክብደት እንኳ የለውም። እኛ ለዚህች አንዲት ቀለበት ብለን አንድ ሰፈር አስለቅሰናል፤ አንዲት ሴት ጥቁር አልብሰናል። አሁን በላስቲክ ተጠቅልላ ትመጣለች። «እስቲ ተቀመጥ፣ ፀሐዩ ይብረድ» አልኩት። ፀሐዩ ሰበብ ነበር፤ እጄን ማዘዝ አቅቶኝ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት ያለፈኝ በቅርቡ ነበር። የምኖረው ቡሪ፣ ሰማያዊው ዓባይ ዳር ያለው አሮጌ ሰፈር ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ለጥቂት ወር ብዬ ነው ካርቱም የገባሁት። ቀን ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው የመሃል ከተማ ገበያ ሄጄ ከሎሪ ላይ ጆንያ አወርዳለሁ። ምሳ አንድ ሳህን ፉል ለሦስት ነው፤ ከላዩ የሰሊጥ ዘይትና የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከጎኑ ከምድጃ የወጣ ዳቦ። ዛሬ የስንት ሰው ስም ጠፍቶብኛል፤ የዚያ ፉል ጣዕም ግን አልጠፋኝም። ሆድ ከልብ ይልቅ ታማኝ ሳይሆን አይቀርም።

ሲመሽ ባንድ ነበረን፤ ስሙ «ሁለት ወንዞች»። መሪያችን ጋሽ መኩሪያ ሳክስፎን ነፊ ናቸው። አገር ቤት በወታደር ማርሽ ባንድ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ዜማ ስናበላሽ ሳይሆን ጎብጠን ስንቆም ነበር የሚቆጡት። የሱዳን ሰው ዘፈናችንን ይወዳል። ቃሉ ባይገባውም ዜማው ይገባዋል፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጣቱን እያጮኸ ይወዛወዝልሃል። ሠርግ አይጠፋም ነበር።

ከእኔ በፊት ድራም የሚመታው ግርማ ነበር። እኔን ያስተማረኝም እሱ ነው። እንጀራው ግን ቀለም ነው፤ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የጸጉር አስተካካዩም፣ የጭማቂ ቤቱም፣ የጎማ ጠጋኙም ታፔላ በእሱ እጅ የተጻፈ ነው። ዐረብኛ ማንበብ ሳይችል ዐረብኛ አሳምሮ ይጽፍ ነበር። የቤዝ ድራማችን ፊት ላይ ሁለቱን ወንዞች፣ ነጩንና ሰማያዊውን፣ ሲገናኙ ሣለበት። ቆዳ የምንለው ከልማድ ነው እንጂ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ከላይ የባንዱን ስም በሁለት ቋንቋ ጻፈ። ከታች በስተቀኝ፣ ሠዓሊ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ስሙን ፈረመ። የመጨረሻዋን ፊደል እግር አስረዝሞ ከስሙ ሥር አሰመረባት።

አንድ ቀን ወደ ሊቢያ በሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣ። ለሚስቱ ለስንዱ «እንደደረስኩ እልክብሻለሁ» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁም፣ ወሬውም የለም። አንዱ ሎሪው አሸዋ ውስጥ ጠፍቷል ይላል፤ ሌላው ትሪፖሊ ገበያ ውስጥ አይቼዋለሁ ይላል። ሁለቱም ሲጠየቁ ከሌላ ሰው ነው የሰሙት። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተከተለ።

እትዬ ስንዱ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እንደ ታላቅ እህቴ ነበረች። ቀጭን፣ ቶሎ የምትስቅ፣ ቶሎ የምትቆጣ ሴት። በአንድ ሀብታም ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። የምትኖርበት ግቢ ሰፊ ሆሽ ነው፤ ዙሪያውን ክፍሎች፣ መሃሉ ላይ ኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ዚር የሚሉት የሸክላ የውኃ ጋን። ባለቤቲቱ ሐጃ ከፊት ለፊት ትኖራለች። የባንዱ ዕቃ የሚቀመጠው ስንዱ ክፍል ነው፤ ስንወስድና ስንመልስ ትቆጣጠረናለች። ዓርብ ዓርብ የድራሙን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ፊርማው ላይ ስትደርስ ጨርቁን ትቀይራለች፤ ቀለሙ እንዳይለቅ በደረቅ ነው የምትነካው። ስለ ግርማ ስታወራ «ሲመጣ» ነው የምትለው። ሲመጣ አልጋውን እናሳድሳለን፤ ሲመጣ ከዚህ ቤት እንወጣለን።

ችግሩ የተነሳው ከድምፁ ነው። ድራሙ በቤት ውስጥ ደህና ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን ፍራሽ የምደበድብ ነበር የሚመስለው። የሱዳን ሠርግ ደግሞ ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዘግቶ ነው። ስፒከር የሚያከራየን ያሲን የሚባል ሱዳናዊ ማይኩን ከፊት ያቆማል፣ ከጎን ያቆማል፣ ዋጋ የለውም። አንድ ሐፍላ ላይ ከኋላ የተቀመጡት እንግዶች ምቱ ጠፋባቸውና ጭብጨባቸው ከእኛ ተለያየ። እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። ለሰሚ ግራ ነበር። የሚቀጥለውን ሠርግ ያዘዘን የቡሪ ነጋዴ እዚያ ነበርና ጋሽ መኩሪያን ጠርቶ «ለልጄ ሠርግ እንዲህ ከሆነ ሌላ ባንድ እጠራለሁ» አላቸው።

በማግስቱ ያሲን መጣና ድራሙን ዞሮ አየው። «ያ ዞል» አለኝ፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ «ደሉካ አይተህ አታውቅም?»

ደሉካ የሱዳን ሴቶች በሠርግ የሚመቱት የሸክላ ከበሮ ነው።

«አውቃለሁ።»

«ከላይ ቆዳ፣ ከታች ክፍት። አፍ አለው፤ ለዚህ ነው የሚናገረው። የአንተው በሁለቱም በኩል ተደፍኗል። ድምፁ በየት ይውጣ? አፍ አውጣለት።»

ሐሳቡ ቀላል ነው። የፊተኛው ቆዳ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይቆረጣል፤ ማይኩ በዚያ ይገባል። ግን ቆዳው ተወጥሮ የሚኖር ነገር ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ካልተያዘ በየምቱ ይተረተራል። ስለዚህ ያሲን ከአሮጌ ስፒከሮች ላይ ሁለት የብረት ቀለበት ነቅሎ፣ አንዱን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርጎ በትንንሽ ብሎን የሚያያዝ አፍ ሠራልን።

ወዴት ይቆረጥ? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ መጣ። መሃሉ አይሆንም፤ የእግር መቺው ከኋላ የሚያርፍበት ትይዩ ስለሆነ ድምፁ ባዶ ይሆናል። ከላይ የባንዱ ስም አለ። ከታች በግራ ቆዳው ድሮ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ ነው፤ ምላጭ ከነካው ያልቅለታል። የቀረው ከታች በስተቀኝ ነው። የግርማ ፊርማ።

«ቆዳውን ጭራሽ ብናወልቀውስ?» አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ተቆጡ። «ከበሮ ያለ ፊት? ሱሪውን ያወለቀ ሽማግሌ ይመስላል! ሰው ስማችንን በምን ያውቃል?» ሌላ ቆዳ ካርቱም ውስጥ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስንዱ መጠየቅ ነበረባት። እሺ ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነም አልጠፋንም። ፊርማው እስካለ ግርማ መንገድ ላይ ነው። ከተቆረጠ ግን፣ በገዛ እጇ አይመለስም እንዳለች ነው።

አሁን የማወራው ነገር አበሻ ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ያሲን ብቻውን ሄዶ ቢጠይቃት ኖሮ በሦስት ቃል ያልቅ ነበር። እኛ ግን ወግ አለን። ጋሽ መኩሪያ «ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው» አሉ። ልክ ነው። «የንስሐ አባቷን አባ ገብረ ሥላሴን እንውሰድ፤ እሳቸውን አታሳፍርም።» ይህም ልክ ነው። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ሙቀቱም አያስኬድም፤ እሷም ማልዳ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ተባለ። አባ ከኪዳን ጸሎት ሲወጡ ቀጥታ አብረውን ሊመጡ ተስማሙ። ጋሽ መኩሪያም ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ነጭ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ናቸው። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም። አንድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያስተዋለ ግን ከመሃላችን አንድ ሰው አልነበረም።

ያን ጠዋት፣ ሌሊቱን የነፈሰው ሀቡብ፣ የአሸዋ ማዕበሉ፣ አቧራውን በየጣራውና በየቅጠሉ ላይ አራግፎት ነበር። ሰማዩ ራሱ ቡናማ ነው። ሦስታችን በዝምታ ሄድን። ማን ይጀምር፣ እንዴት ይጀመር እያልን ስናስብ አንገታችን ተደፍቷል። በሩን አባ በመስቀላቸው ጫፍ አንኳኩ።

ስንዱ ከፈተች። ጸጉሯን ገና አላሰረችም፤ በአንድ እጇ የጫማዋን ጥንድ ይዛለች። አባን አየች። ጋሽ መኩሪያን በጋቢ አየች። እኔን አየች፤ እኔ ደግሞ እግሬን ነበር የማየው። ሰማዩን ቀና ብላ አየች፣ ገና አልነጋም። ጫማው ከእጇ ወደቀ።

«መጣችሁብኝ?» አለች።

እንግዲህ መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ከካህን ጋር፣ በነጭ፣ አንገት ደፍቶ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ስንዱ ይህን በር ስንት ሌሊት በሕልሟ እንደከፈተችው እግዚአብሔር ይወቅ። አባ «ልጄ፣ አይዞሽ» አሉ። ደንግጠው ነው፤ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል መርጠው ያችኑ አሉ። ለእሷ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ያን ጩኸት አልገልጸውም። ደረቷን መታች፤ በጉልበቷ ወደቀች፤ «ወንድ ልጅ! ግርማዬ! አሸዋ በላህ!» እያለች ሆሹን ዞረችው። የኢትዮጵያውያኑ ክፍሎች በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ወጡ። ሐጃ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ያ ሐሊል ግርማ! ያ ሐሊሉ!» እያለች እየሮጠች መጣች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ግርማ የቤቷን በር በነጻ ቀብቶላት ነበር። ከመንገድ የሰሙ ሱዳናውያን ወንዶች ገብተው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አል-ፋቲሓ» አሉ፤ እነሱ ዘንድ ለቅሶ የሚደረሰው እንደዚያ ነው። እኔም ሳላውቀው መዳፌን ዘረጋሁ። ምን ላድርግ?

ጋሽ መኩሪያ «ኧረ ቆይ! ኧረ አድምጡ!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው። ሳክስፎን ቢኖራቸው እንኳ አይሰሙም ነበር። አንዱ ምንጣፍ ዘረጋ፣ ሌላው ከጎረቤት ወንበር አመጣ፣ ከወዲያ ትልቅ ድስት ላይ የሻይ ውኃ ተጣደ። ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሙሉ ለቅሶ ቤት ሆኗል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሰው ሁሉ የራሱን የጠፋ ሰው ይዞ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔም የራሴን።

በመጨረሻ አባ ገብረ ሥላሴ አጠገቧ በርከክ ብለው መስቀላቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ልጄ ስሚኝ። ሞተ ያለ የለም። መርዶ ይዘን አልመጣንም።»

ድምፅዋ ተቋረጠ። ዙሪያዋ ያሉት ሴቶችም ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ስንዱ በተቧጨረ ፊቷ ተራ በተራ አየችን።

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ለምን መጣችሁ?»

ከዚያ ይልቅ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ ጋሽ መኩሪያን አዩ። ጋሽ መኩሪያ እኔን አዩ። ከእኔ በታች የሚታይ ስላልነበረ እኔ ተናገርኩ።

«ስለ ድራሙ ነው እትዬ ስንዱ።»

«ስለ ምኑ?»

«የፊተኛውን ቆዳ… ትንሽ ልንበሳው… ድምፁ እንዲወጣ…»

የሚቀጥለውን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል። አንዲት ሴት ከኋላ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ከለቅሶ መሃል እንደሚያመልጠው ያለ ሳቅ ነው። ሐጃ «ሺኑ? ምን አለ?» ብላ ጠየቀች፤ ሲተረጎምላት አፏን ያዘች። የሚሰድቡን፣ በጫማ የሚያባርሩን መሰለኝ፤ በእውነት እሱን ነበር የምመኘው። ስንዱ ግን አልተቆጣችም። ምንጣፉ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። ከዚያ ጋሽ መኩሪያን በስማቸው ጠራቻቸው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ግርማ በሕይወት አለ ብለው ያምናሉ?»

እኚያ ሁልጊዜ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው ትከሻቸው ወረደ።

«አንተስ?» አለችኝ።

እኔ እንደገና ወደ እግሬ አየሁ።

«አባስ?»

«የእግዚአብሔርን ነገር ማን ያውቃል ልጄ» አሉ አባ፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር የሚለው።

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። «ሁላችሁም ሞቷል ብላችሁ ነው የኖራችሁት። እኔ ብቻዬን ነበርኩ የምጠብቀው። እኔም ደክሞኛል። አያችሁ፣ ደክሞኛል» አለች። ነጠላዋን አንስታ ፊቷን ጠረገች። «ሰው ተሰብስቧል። ምንጣፍ ተነጥፏል። ሂዱ አልልም። ተዉት፣ ይለቀስለት።»

«መሞቱ ሳይታወቅ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ በቀስታ።

«ካልሞተ መጥቶ ይቆጣኛል። ምነው በመጣና በተቆጣኝ!»

እና ተለቀሰለት። ሐጃ የላከችው የማሽላ ገንፎ መጣ፣ ስስ የማሽላ ቂጣ የሆነው ኪስራ መጣ፣ ሻይ ያለማቋረጥ ዞረ። ሱዳናውያኑ ጎረቤቶች እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ እየመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ። አባ ፍትሐት አላደረጉም፤ ቤተ ክርስቲያን በግምት አትፈታም አሉ። ግን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ስንዱ ጥቁር ለበሰች።

ከሥልስቱ በኋላ አስጠራችኝ። ድራሙን ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት አስጠጋችው። የያሲንን ቀለበት ከእጄ ወስዳ ፊርማው ላይ አስቀመጠችና ራሷ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች። ስሙ ሙሉ በሙሉ ከውስጥ እንዲሆን፣ ያ የረዘመ እግር እንኳ እንዳይቆረጥ፣ ቀለበቱን ደጋግማ አስተካከለችው።

«በል» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ።»

ምላጩን አስገባሁ። ፕላስቲኩ ተወጥሮ ስለነበር ሲቆረጥ ድምፅ ነበረው። ስጨርስ ክቡ ወደ ውስጥ ወደቀና ድራሙ ሆድ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። እጄን በአዲሱ ቀዳዳ አስገብቼ አወጣሁት። ከዚያ አፍ መጀመሪያ የወጣው የግርማ ስም ነው። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላበጠችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሁለቱን ቀለበቶች ከውስጥና ከውጭ ገጥሜ ብሎኑን አጠበቅኩ።

የነጋዴው ልጅ ሠርግ ላይ ያሲን ማይኩን በአፉ አስገባ። ያን ምሽት የመጀመሪያውን ምት ስመታ ድምፁ ሜዳውን አልፎ ከማዶ ካለው ግንብ ተመለሰ። ደረቅ፣ አጭር፣ ደረት የሚነካ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በትራቸውን አነሱ። ጋሽ መኩሪያ ሳክስፎናቸውን እንደያዙ ዞረው አዩኝ፤ ያ ለእሳቸው ትልቅ ምስጋና ነው። ስንዱ ጥቁር እንደለበሰች ከሴቶቹ ጀርባ ቆማ ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ለወራት የጠበቅኩት ድምፅ ነው፤ ግን በመታሁ ቁጥር አዝን ነበር። ማታ ዕቃውን ስናስገባ «እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይሰማል» አለች። «ድሮም ግርማ ይህ ድራም አፍ የለውም እያለ ያማርር ነበር።»

ባንዱ እንደ ማንኛውም ባንድ ተበተነ። ጋሽ መኩሪያም አባም እዚሁ አርፈዋል። ድራሙ ብዙ እጅ ዞሮ የት እንደገባ አላውቅም። ስንዱ ሌላ ባል አላገባችም፤ «ሲመጣ» ማለት ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ተወች። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሕመም አረፈች። ሴቶቹ ሊገንዟት ሳጥኗን ሲከፍቱ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ክብ ፕላስቲክ አገኙ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ወደ እኔ አመጡት። ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል፤ ስሙ ግን ይነበባል። «ከእሷ ጋር ይሁን» አልኳቸው። እጇ ሥር አደረጉላት። ወጣቱ ቄስ ፍትሐቱን ለስንዱ አነበበ። የግርማ ስም አልተጠራም፤ ግን እዚያው ነበር።

ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ይለቀስለታል፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። ለግርማ መጀመሪያ በስህተት ተለቀሰለት፤ ቀብሩ ስንት ዓመት ዘግይቶ በሚስቱ መቃብር ውስጥ ሆነለት፤ መሞቱን ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ያ የእኛ ቅሌት ባይሆን ኖሮ ያቺ ሴት አንድም ቀን ሳታለቅስለት ትሞት ነበር። አንዳንዴ ይህን አስቤ እጽናናለሁ፤ አንዳንዴም እንዲህ ያለ መጽናኛ ራሱ ያደክመኛል።

«ጋሼ፣ ፀሐዩ በርዷል» አለኝ ዮናስ።

ቀለበቱን ከታች በስተቀኝ ለጠፍኩለትና ምላጩን አስገባሁ። እጄ የፈራሁትን ያህል አልተንቀጠቀጠም። ክቡ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ዮናስ ድራሙን አዘንብሎ አራገፈና አወጣው። ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። በእግሩ መትቶ የከበሮውን ድምፅ ሰማና ጮኾ ሳቀ። በእውነት ጥሩ ድምፅ ነው።

«ይህን ልጣለው?»

«አይ፣ ወዲህ በል።» መሳቢያዬን ከፍቼ እስክሪብቶ ሰጠሁት። «ስምህን ጻፍበት።»

«ለምን ጋሼ?»

«ዝም ብለህ ጻፍ። የአባትህንም ጨምር።»

ሽማግሌ እንዳሉት ይሁን ብሎ፣ እየሳቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ቅዳሜ ሐፍላው ላይ መታ፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እሑድ ጠዋት «እንደደረስኩ እደውላለሁ» ብሎኝ ሄደ። ክቡ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መጠበቅ ለእኔ ዕድሜ ከባድ ሥራ ነው፤ ግን እስካሁን ስልኬን ከእጄ አላስቀመጥኩም።